ፖለቲካና ኮረንቲ በፋብሪካው ክበብ

ከቃሊቲ እስከ ቱሉ ዲምቱ ባለው መንገድ ግራና ቀኝ በተሰለፉት ፋብሪካዎችና መጋዘኖች የሠራ ሰው ይህን ጠብ ያውቀዋል። ምሳ ሰዓት ነው። በሠራተኞች ክበብ አንድ ወጣት ስልኩን በውኃ ኮዳው ላይ አስደግፎ አንድ ተንታኝ የሚጮህበትን ቪዲዮ ይከታተላል። ከፊቱ ሽሮ የሚበላው ጎልማሳ ቀና ሳይል «ዝጋው» ይለዋል። «ምን አጠፋሁ ጋሼ?» «ዝጋው አልኩህ፤ እንጀራችንን እንብላበት።» የቀረው የታወቀ ነው። አንዱ ካድሬ ይባላል፣ ሌላው የቲክቶክ አርበኛ፤ ሊገላግል የገባው ሦስተኛ ሰው የየት አገር ሰው እንደሆነ ይጠየቃል። ከሰዓት በኋላ ሁለቱ ባለጉዳዮች አንድ ማሽን ላይ ቆመው፣ ሥራው ከሚያስገድደው በላይ አንዲት ቃል ሳይለዋወጡ ፈረቃቸውን ይጨርሳሉ።

«ሥርዓት የጎደለው ትውልድ መጣ» ይላሉ ታላላቆቹ። «ፈርተው ያረጁ ሰዎች ናቸው» ይላሉ ታናናሾቹ። ሁለቱም ለአፍ ይቀላሉ፤ ነገሩን ግን አያስረዱም። እንዲህ ያለው ጠብ የሚመስለውን ያህል ስለ ፓርቲ አይደለም። አንደኛው ምንጩ እያንዳንዱ ዕድሜ ከመንግሥት ጋር በነበረው ኑሮ የተማረው የተለያየ ፍርሃት ነው። ሌላው ምንጩ ደመወዝ፣ ዕድገትና ቤት ናቸው፤ ሌላ ቦታ መነገር ሲገባቸው መነገሪያ ያጡ ቅሬታዎች። ሁለቱ ሲደራረቡ ክርክሩ የፓርቲ ልብስ ይለብሳል።

በስንት ዓመተ ምሕረት ተወለድክ?

ጡረታ ሊወጣ የተቃረበውን ሠራተኛ እንውሰድ። የጡረታ መውጫ ዕድሜ 60 ስለሆነ የተወለደው በ1958 አካባቢ ነው። ወጣቶቹ ይህን ሰው ከአብዮተኞቹ ጋር ይደምሩትና «መሬት ላራሹ እያላችሁ እዚህ ያደረሳችሁን እናንተ ናችሁ» ይሉታል። ሂሳቡ አይገጥምም። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በየካቲት 1957 ያንን መፈክር ይዘው አደባባይ ሲወጡ እሱ ገና አልተወለደም። ንጉሠ ነገሥቱ መስከረም 2 ቀን 1967 ከዙፋን ሲወርዱ ገና ትንሽ ልጅ ነበር። በ1969 እና በ1970 ቀይ ሽብር ከተማውን ሲያምስ የአንደኛ ደረጃ ተማሪ ነው። ኢሕአፓን ወይም መኢሶንን መርጦ አልገባም። የደረሰው የትልልቆቹ ነገር ነው፦ ማታ ተሸሽጎ የተቃጠለ ወረቀት፣ ወጥቶ ያልተመለሰ የጎረቤት ልጅ፣ እናት በሩን ቀርቅራ «ያየኸውን ለማንም እንዳትናገር» ያለችበት ምሽት። «ፖለቲካንና ኮረንቲን በሩቁ» የሚለው አባባል ለሌላው ቀልድ ሊሆን ይችላል፤ ለእሱ ግን ያደገበት የቤት ትእዛዝ ነው።

ከዚያ 18 ዓመት ሲሞላው ብሔራዊ ውትድርና ጠበቀው። አዋጁ በ1975 ወጥቶ ከ18 እስከ 30 ዓመት ያለውን ወጣት ይጠራ ጀመር፤ ስማቸው በቀበሌ ተጠርቶ ከሄዱት እኩዮቹ መካከል ሰሜን የቀሩ አሉ። ሥራ የያዘውም በየመሥሪያ ቤቱ የውይይት ክበብ ተቀምጦ ስለ ሶሻሊዝም ሲነበብ አዳመጠ፤ በልቡ ሌላ እያሰበ በአፉ መፈክር ማሰማትን ተካነበት። ስለዚህ ይህ ሰው «ዝጋው» ሲል አስተያየት አጥቶ አይደለም። አስተያየት ያለው ሰው ምን እንደሚደርስበት የተማረው በልጅነቱ ስለሆነ ነው።

ከእሱ ቀጥሎ ያለው፣ አሁን 45 ዓመት አካባቢ የሆነው፣ በሁለቱም ወገን የሚረሳ ሰው ነው፤ እኔ ግን በሥራ ቦታ ጠብ ውስጥ ዋናው ሰው እሱ ይመስለኛል፤ ምክንያቱም ፎርማኑና የክፍል ኃላፊው ብዙውን ጊዜ ከዚህ ዕድሜ ነው። ኢሕአዴግ ግንቦት 20 ቀን 1983 አዲስ አበባ ሲገባ ልጅ ነበር። ግንቦት 7 ቀን 1997 ለምርጫ ሲሰለፍ ግን ትኩስ ወጣት ነው። ሰልፉ ረጅም ነበር፤ ሰው ከሌሊት ጀምሮ ቆመ። ከዚያ በሰኔ 1997 እና በጥቅምት 1998 በተነሡት ተቃውሞዎች ሰው በጥይት ሞተ፣ የተቃዋሚ መሪዎች ታሰሩ፣ ብዙ ወጣት በጭነት መኪና ተጭኖ ወደ ማጎሪያ ሄደ። ቀጥሎ የመጣው የግምገማና የአንድ ለአምስት አደረጃጀት ዘመን ነው። ይህ ሰው ያኔ የቀሰመው ትምህርት ከታላቁ ይለያል፦ ፖለቲካ የሚያወራ ሰው አንድ ነገር ፈልጎ ነው። አባልነት የዕድገት ደረጃ፣ የሥልጠና ዕድል፣ የቤት ወረፋ ያመጣ ነበርና አንድ የሥራ ባልደረባ ስለ መንግሥት በሞቀ ስሜት መናገር ሲጀምር፣ ቢደግፍም ቢቃወምም፣ የዚህ ሰው የመጀመሪያ ጥያቄ «ምን ሊያገኝበት ነው?» የሚል ነው። ወጣቱ ከልቡ ይናገራል ብሎ ማመን ይከብደዋል።

ወጣቱስ? ዕድሜው 25 ከሆነ የተወለደው በ1993 ነው። በ2008 በኦሮሚያና በአማራ ክልሎች ተቃውሞ ሲቀጣጠል ታዳጊ ነበር። መጋቢት 24 ቀን 2010 አዲስ ጠቅላይ ሚኒስትር ሲሾም፣ እስረኞች ሲፈቱ፣ ስደተኛ ፖለቲከኞች ሲመለሱ ዓለም የተከፈተ መስሎት ነበር። በጥቅምት 2013 ሰሜኑ ጦርነት ውስጥ ገባ፤ የፕሪቶሪያው ስምምነት ጥቅምት 23 ቀን 2015 እስኪፈረም ድረስ ሁለት ዓመት ስልኩ ላይ ሬሳ፣ መግለጫና ስድብ ሲፈስ አደረ። በመካከሉ ሰኔ 14 ቀን 2013 የመጀመሪያ ድምፁን ሰጥቷል። ይህ ልጅ ማንሾካሾክ አልለመደም፤ ያስተማረውም የለም። እሱ የሚያውቀው ዝም ያለ ሰው ወገን እንደመረጠ የሚቆጠርበትን ዘመን ነው። አንድ ወንድም በሞተበት ሳምንት ባልደረባው ምንም ሳይል ቡና ሲጠጣ ቢያይ፣ ዝምታውን በጥንቃቄ አይተረጉመውም። በክህደት ይተረጉመዋል።

እንግዲህ አንዱ ዝም የሚለው ለመኖር ነው፤ ሌላው የሚናገረው ላለመክዳት። ሦስተኛው መካከላቸው ተቀምጦ ሁለቱንም ይጠረጥራል።

መሬቱ ራሱ አጀንዳ የሆነበት ዳር

ፒያሳ መሀል ባለ ቢሮ የሚሠራ ሰው ስለ ፖለቲካ ሲከራከር ስለ ሩቅ ነገር ሊሆን ይችላል። በከተማው ዳር ግን እግር የቆመበት መሬት ራሱ ጉዳይ ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 49 ንዑስ አንቀጽ 5 ኦሮሚያ በአዲስ አበባ ላይ ልዩ ጥቅም እንዳላት ይደነግጋል፤ ዝርዝሩ በሕግ ይወሰናል ተብሎ ሲንከባለል ኖረ። በ2006 ይፋ የሆነው አዲስ አበባንና ዙሪያዋን የሚያገናኝ የጋራ ማስተር ፕላን ተቃውሞ አስነሣ፤ ተቃውሞው በ2008 ገፍቶ መጥቶ ዕቅዱ በጥር ወር ተሰረዘ። በ2011 የኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ዕጣ ሲወጣ እንደገና ሰው ወጣ። የአዲስ አበባና የኦሮሚያ አስተዳደሮች በነሐሴ 2014 በወሰን ጉዳይ ተስማሙ፤ በ2015 ደግሞ በዙሪያው ያሉትን ከተሞች ያዋሐደ ሸገር ከተማ የተባለ አስተዳደር ተቋቋመ።

ይህ ሁሉ ከሰነድ ወጥቶ አንድ ፈረቃ ውስጥ ሲገባ ምን እንደሚመስል እንይ። በአንድ መስመር ላይ ጎን ለጎን ከቆሙት ሠራተኞች አንዷ በ1997 ተመዝግባ ከአሥር ዓመት በላይ ቆጥባ የኮንዶሚኒየም ቁልፍ የጠበቀች ናት። ሌላው ገላን ወይም ቡራዩ ተከራይቶ ሁለት ታክሲ እየቀያየረ የሚመጣ ነው። በሩ ላይ የቆመው ጥበቃ ደግሞ ቤተሰቡ ጤፍ ይዘሩበት በነበረው ማሳ ላይ ዘብ የሚያድር ሊሆን ይችላል፤ የካሳው ገንዘብ በዓመት ሁለት ዓመት ውስጥ አልቆ፣ የእርሻ ልጅ በወር ደመወዝ የሚተዳደር ሆኗል። ስለ «ከተማ መስፋፋት» አንድ ዜና ሲነበብ ሦስቱም የሚሰሙት የየራሳቸውን ነው። እሷ ዕጣዋን፣ እሱ ኪራዩን፣ ጥበቃው አባቱን። ሦስቱም የተበደሉት በወረቀት ነው፤ ወረቀቱን የሰጠው ወይም የነሣው ደግሞ ከጎናቸው የቆመው ሠራተኛ አይደለም። የሚጣሉት ግን ከእሱ ጋር ነው፤ የመሬት አስተዳደር ቢሮ ኃላፊ በሠራተኞች ክበብ ምሳ አይበላማ።

ስለዚህ በዚህ አካባቢ «ፖለቲካ አታውሩ» ማለት ስለ ቤታችሁ አታውሩ ከማለት አይርቅም።

የዕድገት ማስታወቂያው

አሁን ወደ ሁለተኛው ምንጭ። በብዙ ድርጅት ውስጥ ታላላቆቹ ቋሚ ሠራተኞች ናቸው፤ አገልግሎታቸው ተቆጥሮ የደመወዝ እርከን፣ የዓመት ፈቃድና አበል አግኝተዋል። ወጣቶቹ በኮንትራት ወይም በኤጀንሲ በኩል ገብተው ያንኑ ሥራ ይሠራሉ። ከስምንተኛ ክፍል ተነሥቶ በእጁ ሙያ ፎርማን የሆነ ሰው፣ ዲግሪ ይዞ በማሽን ኦፕሬተርነት የተቀጠረን ልጅ ያዝዛል። አዛዡ «መጽሐፍ ማሽን አያስነሣም» ይላል፤ ታዛዡ «በዘመድ የገባ ሁሉ» ይላል። በነገራችን ላይ ሁለቱም ትንሽ ትንሽ እውነት አላቸው፤ ጠቡ የማያልቀው ለዚህ ነው።

በዚህ ላይ የኑሮው ነገር አለ። መንግሥት ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪ ተመንን ለገበያ ሲለቅቅ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በወራት ውስጥ እጥፍ ሆነ፤ ደመወዝ ግን በዚያ ፍጥነት አልሄደም። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የደመወዝ ቦርድ እንደሚቋቋም ቢገልጽም የግሉ ዘርፍ ያለ ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል ዓመታት አሳልፏል። ቀደም ብሎ ቤት ያገኘ ሠራተኛ ይህን ማዕበል እንደምንም ይሻገረዋል። ባለፈው ዓመት ተቀጥሮ አንዲት ክፍል ቤት የተከራየ ልጅ ግን ወሩ ሳይጋመስ ይበደራል። የጡረታ መዋጮ ሁለቱም ይከፍላሉ፣ ከሠራተኛው 7 በመቶ፣ ከአሠሪው 11 በመቶ፤ ለአንዱ ሊበስል የተቃረበ እሸት ነው፤ ለሌላው ከደመወዙ ላይ የሚጎድል ቁጥር።

አንድ ነገር አስተውሉ። የዕድገት ማስታወቂያ ወይም የትርፍ ሰዓት ምደባ በተለጠፈ ማግስት የክበቡ የፖለቲካ ክርክር ይሞቃል። ዜናው ግን ያው የትናንቱ ዜና ነው። ስሙ ያልተጠራ ሰው «አለቃዬ አዳላብኝ» ብሎ መናገር ያስፈራዋል፤ ማስረጃም የለው ይሆናል። «የእነሱ ዘመን ነው» ማለት ግን ይቀላል፤ ማስረጃ አይጠየቅበትም፣ ደጋፊም በደቂቃ ይገኛል። እንዲህ ሆኖ የአንድ ሰው አድልዎ የአንድ ብሔር ወይም የአንድ ትውልድ ጥፋት ሆኖ ያርፋል፤ ያዳላው አለቃ ደግሞ ከነገሩ ነፃ ወጥቶ ሊያስታርቅ ይመጣል። ይህን ባየሁ ቁጥር ይገርመኛል።

የፈረቃው ቴሌግራምም መነሣት አለበት። የተከፈተው ሰርቪሱ በስንት ሰዓት እንደሚደርስ ለመነጋገር ነበር። ከዚያ አንዱ የበዓል መልካም ምኞት ላከ፤ ሌላው የበጎ አድራጎት ጥሪ፤ ሦስተኛው ሌሊት ስድስት ሰዓት ላይ የአንድን ከተማ ጭፍጨፋ ያሳያል የተባለ ቪዲዮ። ማንም መልስ ሳይሰጥ ሁሉም ያየዋል። ጠዋት ሰርቪስ ውስጥ ማን ከማን አጠገብ እንደተቀመጠ አይቶ ሌሊት የሆነውን መገመት ይቻላል። ፊት ለፊት ቢሆን «ተው እንጂ» የሚል ይኖር ነበር፤ በጽሑፍ ግን ዝምታም ይነበባል፣ ያውም በከፋው ትርጉም።

ሕጉ ምን ይላል?

ብዙ ሠራተኛ ሁለት ስህተት ይሠራል። አንዱ «ምንም ብናገር መብቴ ነው» ይላል፤ ሌላው «አፌን ከከፈትኩ ያባርሩኛል» ይላል። እውነቱ በመካከል ነው።

አዋጅ 1156/2011 በአንቀጽ 14 አሠሪው በፖለቲካ አመለካከት ምክንያት በሠራተኞች መካከል ልዩነት እንዳያደርግ ይከለክለዋል። በአንቀጽ 26 ደግሞ ብሔር፣ ሃይማኖት፣ የፖለቲካ አመለካከትና ሌሎችም የሥራ ውልን ለማቋረጥ ሕጋዊ ምክንያት እንደማይሆኑ ይደነግጋል። ስለዚህ አንድን ፓርቲ መደገፍ ወይም መንቀፍ በራሱ አያስባርርም። ነገር ግን አንቀጽ 27 በሥራ ቦታ ለአምባጓሮ ወይም ለጠብ አጫሪነት ተጠያቂ የሆነ ሠራተኛ፣ እንደ ጥፋቱ ክብደት፣ ያለ ማስጠንቀቂያ ሊሰናበት እንደሚችል ይናገራል። እዚህ ላይ ነው ጥንቃቄው። ክርክሩ ስለ ምርጫ ይሁን ስለ እግር ኳስ ሕጉ ግድ የለውም፤ ወንበር ከተነሣ፣ ሰው ከተገፋ፣ ፋይሉ ላይ የሚጻፈው ጠብ ነው። ሠራተኛውን በአመለካከቱ ሊያባርር የፈለገ አሠሪም የሚጠብቀው ይህችኑ ቀን ነው።

ሦስተኛው መስመር የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃ አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ነው። ሆን ብሎ በብሔር፣ በሃይማኖት፣ በዘር፣ በፆታ ወይም በአካል ጉዳት ለይቶ በሰው ወይም በቡድን ላይ ጥላቻን፣ መድልዎን ወይም ጥቃትን የሚያነሣሣ ንግግር እስከ ሁለት ዓመት እስራት ወይም እስከ 100,000 ብር መቀጮ ያስከትላል፤ በንግግሩ ምክንያት ጥቃት ከተፈጸመ እስራቱ ከአንድ እስከ አምስት ዓመት ይሆናል። ጽሑፍ፣ ምስልና ቪዲዮ በማኅበራዊ ሚዲያ ማሠራጨትም በዚሁ ውስጥ ይገባልና «እኔ ያስተላለፍኩት ብቻ ነው» የሚለው መከላከያ አስተማማኝ አይደለም። አንድን ባለሥልጣን ወይም አንድን ፓርቲ መንቀፍ ግን ሌላ ነገር ነው፤ ሁለቱን የሚያደባልቅ ፎርማን ካለ ሕጉን አላነበበም።

ማስታወቂያ መለጠፍ ይበቃል?

አንዳንድ ድርጅቶች መፍትሔ ያሉት «በግቢው ውስጥ ፖለቲካ ማውራት በጥብቅ የተከለከለ ነው» የሚል ወረቀት በር ላይ መለጠፍ ነው። በሚሽከረከር ማሽን ፊት የቆመ ሰው ስልክ እንዳያይ መከልከል ተገቢ ነው፤ ጣት ይቆርጣል። ለምሳ ሰዓት ግን ይህ ወረቀት የሚያደርገው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ደካማውን ዝም ያሰኛል። ኃላፊው በስብሰባ ላይ ስለ አገር ጉዳይ ሲናገር ማንም ወረቀቱን አያሳየውም። እኔ ቢሆን ክልከላውን ገልብጬ ከላይ እጀምረው ነበር። ትርፍ ሰዓት የሚመድብ፣ ፈቃድ የሚፈርም፣ የሥራ አፈጻጸም ነጥብ የሚሞላ ሰው በበታቾቹ ፊት ስለ ፓርቲ ይቅርበት፤ አስተያየቱ ምንም ያህል መልካም ቢሆን ከብዕሩ ጋር ተያይዞ ይሰማልና። ተራ ሠራተኞች እርስ በርሳቸው ሲከራከሩ ቢያንስ እኩል ናቸው።

ሌላው ጉዳይ ተመልካች ነው። አርባ ሰው በተቀመጠበት ክበብ የተሰደበ ሰው ይቅር ቢል እንኳ አርባው ያስታውሱታልና ማፈግፈግ አይችልም። ያው ሁለት ሰዎች የሌሊት ፈረቃ ላይ መብራት ጠፍቶ ጄኔሬተር እስኪነሣ ሲጠብቁ ሌላ ሰው ናቸው። «ጋሼ፣ በደርግ ጊዜ ስንት ዓመትዎ ነበር?» ብሎ የጠየቀ ልጅ ያልጠበቀውን ይሰማል። ሰውየው ስለ ርዕዮተ ዓለም አይነግረውም፤ ስለ ማሠልጠኛው ብርድ፣ ከአንድ ሰፈር አብሮት ስለ ሄደ ጓደኛው፣ በ1983 ሠራዊቱ ሲበተን በእግሩ ስለ ተጓዘው መንገድ ይነግረዋል። ልጁም በተራው የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ሳለ ዩኒቨርሲቲው ተዘግቶ አንድ ዓመት ቤት መቀመጡን ይናገር ይሆናል። አይስማሙም። ግን በማግስቱ ምሳ ላይ «እናንተ» ማለት ይከብዳቸዋል።

የጠቡን ጥልቀት ለመለካት የምትፈልግ ኃላፊ ብትኖር የክበቡን ጩኸት ትታ ዕቁቡን ትይ። ሠራተኞች እየተሰዳደቡም አንድ ዕቁብ ከጣሉ፣ ሰው ሲሞትም በአንድ ሰርቪስ ለቅሶ ከደረሱ አሳሳቢ አይደለም። ዕቁቡ በወገን ለሁለት ከተከፈለ፣ ለቅሶ ላይ መቅረት ከተጀመረ ግን ነገሩ ገፍቷል፤ ያኔ መጠየቅ ያለበት በቅርቡ ማን ዕድገት እንዳገኘና ማን እንደተዘለለ ነው። አሥርና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ባለበት ድርጅት የሠራተኛ ማኅበር ማቋቋም ስለሚቻል፣ የዕድገት መስፈርት፣ የኮንትራት ሠራተኛ ቋሚ የሚሆንበት ጊዜና የትርፍ ሰዓት ተራ በኅብረት ስምምነት ውስጥ ተጽፎ ቢለጠፍ ከክርክሩ ግማሹ መነሻ ያጣል። ቀሪው ግማሽ የአገር ጉዳይ ነውና ፋብሪካ አይፈታውም።

በዚህ መሀል ስንብት የደረሰበት ሠራተኛ ካለ የሚያስፈልገው እንዲህ ነው። ያለ ማስጠንቀቂያ የሚያሰናብት አሠሪ ምክንያቱንና ቀኑን ገልጾ በጽሑፍ መስጠት አለበት፤ ይህንንም ማድረግ የሚችለው ምክንያቱን ካወቀ በ30 የሥራ ቀናት ውስጥ ነው። ደብዳቤው ላይ «ጠብ አጫሪነት» የሚል ተጽፎ እውነቱ የፖለቲካ አስተያየት ከሆነ፣ በቦታው የነበሩ ምስክሮችን ስምና የሆነውን ነገር በዚያው ሳምንት መዝግቦ መያዝ ይጠቅማል፤ ሰው ይረሳል፣ ኮንትራቱም አልቆ ይሄዳል። ወደ ሥራ ልመለስ የሚል ክስ የሚቀርበው ውሉ ከተቋረጠበት ቀን ጀምሮ በሦስት ወር ውስጥ ነው፤ ከዚያ ካለፈ በይርጋ ይታገዳል።